ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ፦ መጀመሪያ ማጥፋት፣ ቀጥሎ መወሰን

ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይጠፋም። የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው፤ ባለቤቱ ደንግጦ ደጋግሞ ሲያበራው፣ ጎረቤት «ትንሽ መታ መታ አድርገው» ሲለው፣ ጠጋኙ አዲስ ዊንዶውስ በላዩ ላይ ሲጭንበት። ስለዚህ ይህን በስልክዎ እያነበቡ ያሉት አጠገብዎ ያለው ኮምፒውተር እየተንቋቋ ከሆነ፣ የቀረው ይቆይና አሁኑኑ ያጥፉት። በሥርዓት ልዝጋው ብለው ሲሞክሩ ከቆመብዎ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ ተጭነው ይያዙት።

የጠፋ ዲስክ አይባባስም። መሳቢያ ውስጥ አንድ ወር ቢከርምም ሁኔታው ያው ነው። የሚያጣድፈው ማጥፋቱ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ረጋ ብሎ ለማሰብ በቂ ጊዜ አለ። የሚወሰነውም ስለ ዲስኩ አይደለም። ዲስክ ገበያ ላይ ይገኛል። የሚወሰነው ውስጡ ስላለው ፋይል ነው፤ ምን ያህል ያስፈልገኛል፣ ሌላ ቦታስ አለ ወይ፣ ለማውጣት ምን ያህል ልክፈል፣ ማንስ ይንካው የሚለው።

ይህን ለጎጃም ሰው ብዬ ለብቻው የጻፍኩት፣ ለትልቅ ከተማ ሰው የሚሰጠው ምክር ለሞጣ ወይም ለቡሬ ሰው ሁልጊዜ ስለማይመች ነው። «ወደ ላብራቶሪ ውሰዱት» ማለት ቀላል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት፣ አብዛኛው ኮምፒውተር ያገለገለ ሆኖ በሚገዛበት፣ በሰፈሩ ያለው ጠጋኝ አንድ ወይም ሁለት በሆነበት ቦታ ግን ነገሩን በራስ ዓይን መመዘን ያስፈልጋል።

ውስጡ የሚሆነው

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያብለጨልጩ ክብ ሳህኖች አሉ። የላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ የዴስክቶፑ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። 7,200 ማለት በሰከንድ 120 ዙር ነው፤ የሳህኑ ጠርዝ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል ማለት ነው። ከሳህኑ በላይ በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ «ሄድ» የሚባለው አንባቢ አለ። ሄዱ ሳህኑን አይነካም። መሽከርከሩ በሚፈጥረው አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80 ሺህ ናኖ ሜትር ገደማ መሆኑን ካሰብን፣ የጭስ ቅንጣት እንኳ በዚያ ክፍተት አያልፍም።

ላፕቶፑ እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ሲወድቅ ወይም ሄዱ በእርጅና ሲጎዳ ያ ክፍተት ይጠፋል። ሄዱ ሳህኑ ላይ ያርፍና መረጃውን የያዘውን ስስ ማግኔታዊ ሽፋን መፋቅ ይጀምራል። የተፋቀው ዱቄት ሆኖ ውስጡ ይበተናል፤ ዱቄቱ ደግሞ ጤነኛ የነበረውን ቦታ ይጎዳል። አንዴ የተፋቀውን የትኛውም አገር ያለ ባለሙያ አይመልሰውም፤ ፋይሉ ያ ሽፋን ራሱ ነበርና። «እስኪ አንዴ ልሞክረው» እያሉ ማብራትና ማጥፋት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ስለዚህ ጆሮ ትልቅ መሣሪያ ነው። «ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ» የሚል እኩል እኩል ድምፅ ከሰሙ፣ ሄዱ ቦታውን ፈልጎ እያጣ ወደ መነሻው እየተመለሰ ነው። ደከም ያለ «ጢጥ ጢጥ» ካለና መሽከርከር ካልጀመረ፣ ሞተሩ ወይም ሄዱ ተጣብቋል። በሁለቱም በቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም። ከዚህ በኋላ ማንም አያብራው፤ ወይ ባለሙያ ጋ ይሄዳል፣ ወይ ፋይሉ ይተዋል።

ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ አይሽበሩ። መጀመሪያ ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑን ያረጋግጡ። ዴስክቶፕ ከቦታ ቦታ ሲጓዝ የዲስኩ ኬብል መላላቱ የተለመደ ነው። ስክሪኑ ጭራሽ ጨለማ ከሆነ ቻርጀሩ፣ ራሙ ወይም ማዘርቦርዱ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ዲስኩ ደህና ነው፣ ተነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። ኮምፒውተሩ ተነስቶ «የሚነሳበት ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ ካወጣ፣ ሲበራ ኤፍ2 ወይም ዴል የሚለውን ቁልፍ ነካ ነካ አድርገው ባዮስ የሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር ውስጥ ይግቡና የዲስኩ ስም ተጽፎ እንደሆነ ይዩ። ስሙ ካለ የዲስኩ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ሕያው ነው፤ ምናልባት የተበላሸው ዊንዶውሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ሰው የሚዘናጋበት ነው። ዲስኩ ይሠራል፣ ግን ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፤ አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ኮፒ ሲያደርጉ 43 በመቶ ላይ ይቆማል። ሰው ቫይረስ ነው ብሎ አንቲቫይረስ ያስሮጥበታል። በዚህም መላው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ ለደከመ ዲስክ የመጨረሻው ሸክም ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱ ዲስክ ምናልባት አንድ ሙሉ ንባብ የሚበቃው አቅም ቀርቶታል። ያ አንድ ንባብ ፋይልዎን ለማውጣት ይዋል።

አራተኛውና ቀላሉ፣ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ማውጫው የተበላሸበት ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ ወይም ኤክስተርናሉ በሥርዓት ሳይወጣ ሲነቀል ያጋጥማል። ዊንዶውስ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብዎት» ይላል። እሺ አይበሉት። መጽሐፉ ማውጫው ተቀደደ እንጂ ገጾቹ አሉ።

ወረቀትና ብዕር

ዲስኩ ጠፍቶ ሳለ ወረቀት ይያዙና ውስጡ የነበረውን ይጻፉ። ፊልሙንና ሙዚቃውን ይተዉት፤ ዳግም የሚገኝ ነው። ዳግም የማይገኘውን ብቻ ይጻፉና ከእያንዳንዱ ጎን «ሌላ የት አለ?» ብለው ይጠይቁ።

ይህ ጥያቄ ከምንገምተው በላይ ይሠራል። የመመረቂያ ጽሑፉ ዲስክ ውስጥ የቀረበት ተማሪ ኢሜይሉን ሲፈትሽ ለአማካሪው የላከውን ምዕራፍ 3 ያገኘዋል። ያስገባው የመጠይቅ መረጃ ቢጠፋ እንኳ የተሞሉት መጠይቆች በካርቶን ተቀምጠው ከሆነ እንደገና ይገባሉ፤ ድካም ነው፣ ግን ለጥገና ከሚጠየቀው ገንዘብ ሊያንስ ይችላል። የትምህርት ቤቱ ሮስተር መዝገብ ቤት ታትሞ ተቀምጧል። ለሰው በቴሌግራም የላኩት ፋይል አሁንም ቻቱ ውስጥ አለ፤ ስልክ ቢቀየርም አይጠፋም፤ አንዱ ወገን ካላጠፋው በቀር።

የፎቶና የቪዲዮ ቤቶች ነገር ለብቻው ይታይ። በጥር የተቀረጸ ሰርግ ዲስክ ውስጥ ሲቀር ባለቤቱ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ዲስኩ ነው። መሮጥ የነበረበት ግን ወደ ካሜራው ነበር። የካሜራ ሚሞሪ ካርድ ፎርማት ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ማውጫው ነው፤ ምስሉ ሌላ ነገር በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይኖራል። ስለዚህ የዚያ ሰርግ ካርድ ከዚያ ወዲህ ካልሠራ፣ ወይም ጥቂት ብቻ ከሠራ፣ ካርዱን አውጥቶ ማስቀመጥና ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መፈተሽ ዲስክ ከማስከፈት በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ፍተሻው አይጎዳውም። የፋይሎቹ ስም ይጠፋል፣ ቅደም ተከተሉም ይዘበራረቃል፣ ረጃጅም ቪዲዮዎችም ተቆራርጠው ሊመጡ ይችላሉ፤ ፎቶዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ ሆነው ይወጣሉ። ወሳኙ ነገር ካርዱን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሰርግ አለማዋል ነው።

ሌላ ቦታ የሌለም አለ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ስማቸው ሲነሳ የኖረው በዚህ ነው። አንድ ደቀ መዝሙር የየኔታን ቅኔና ትርጓሜ ቀርጾ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ቢያስቀምጥና የኔታ ቢያርፉ፣ ያ ድምፅ ዳግም አይቀረጽም። የእናት የአባት ድምፅም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ነገር ዝርዝሩ ላይ ካለ ውሳኔው ተለወጠ ማለት ነው፤ በቤት ውስጥ ሙከራ የለም፣ የሰፈር ጠጋኝም አይከፍተውም፣ ገንዘብ እስኪገኝ ዲስኩ ጠፍቶ ይጠብቃል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው። በባዶ ዝርዝር ለጥገና ገንዘብ ማውጣት አልመክርም።

ጠጋኙ ዘንድ የሚባለው ነገር

ጥገና ቤቶች ውስጥ ዘወትር የሚሰማው ንግግር እንዲህ ነው፦

«ወንድሜ፣ ኮምፒውተሬ አልነሳ አለኝ። አስተካክልልኝ።»

«እሺ እህቴ፣ ነገ ከሰዓት ነይ።»

በነጋታው ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ፈጣንም ሆኗል። ዴስክቶፑ ላይ ግን ከሪሳይክል ቢን በቀር ምንም የለም።

«ፋይሎቼስ?»

«ፋይል አለኝ አላልሽኝም እኮ እህቴ።»

ልጁ አላታለለም። «አስተካክልልኝ» ተባለ፣ አስተካከለ። በሙያው ቋንቋ ማስተካከል ማለት አብዛኛውን ጊዜ ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ መጫን ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ደግሞ 20 ጊጋባይትና ከዚያም በላይ በአሮጌው ፋይል ላይ ይጽፋል፤ የተጻፈበት አይመለስም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ «ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ ቢነሳም ባይነሳም ግድ የለኝም፤ የምፈልገው ዲስኩ ውስጥ ያለውን ፋይል ነው። ፎርማት እንዳታደርገው፣ ዊንዶውስም እንዳትጭንበት።» ይህንኑ በወረቀት ጽፈው ላፕቶፑ ላይ በፕላስተር ይለጥፉት፤ ሥራውን የተቀበለውና የሚሠራው ሰው አንድ ላይሆን ይችላልና። ከተቻለ ዲስኩን እዚያው ፊትዎ አስነቅለው ይዘውት ይሂዱ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ጥቂት ብሎን መፍታት ነው። ጠጋኙ ኮምፒውተሩን በሌላ ዲስክ ያስነሳው፤ አሮጌው እጅዎ ላይ ይቆይ። ጨዋ ባለሙያ በዚህ አይከፋም።

ራስዎ ሊያወጡት ከሆነ

ይህ የሚሆነው ለሁለት ዓይነት ዲስኮች ብቻ ነው፤ ለሚንቀራፈፈውና ማውጫው ለተበላሸው። የሚንቋቋው አይገባም።

የሚያስፈልገው ሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር፣ የዲስኩን መሰኪያ (ሳታ ይባላል) ወደ ዩኤስቢ የሚያገናኝ ኬብል ወይም ኬዝ፣ እና ከተበላሸው ዲስክ የሚበልጥ ባዶ ኤክስተርናል ነው። የላፕቶፕ ዲስክ ከዩኤስቢው በሚያገኘው ኃይል ይሠራል፤ ትልቁ የዴስክቶፕ ዲስክ ግን 12 ቮልት ስለሚፈልግ የራሱ አዳፕተር ያለው ማገናኛ ያስፈልገዋል።

ሥራውን በዊንዶውስ ባይጀምሩት እመርጣለሁ። ዊንዶውስ ዲስክ ሲሰካበት ዝም አይልም፤ ይፈትሻል፣ ይጽፋል፣ «ላስተካክለው?» ይላል። ቼክዲስክ የሚባለው ማስተካከያ ለጤነኛ ዲስክ መልካም ነው፤ ለሚሞት ዲስክ ግን ማውጫውን እንደገና እየጻፈ መውጣት የሚችለውን ፋይል ሊያጠፋ ይችላል። በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ ጭነው ከፍላሹ ማስነሳት ይሻላል፤ ነፃ ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሳይጭኑ ይሠራል።

ዲስኩ እየተከፈተ ከሆነና የሚፈልጉት አንድ ትንሽ ፎልደር ብቻ ከሆነ፣ ያንን ፎልደር መጀመሪያ ኮፒ ያድርጉ። ሁሉንም በአንዴ ማለት ስስት ነው። መላው ዲስክ የሚፈለግ ከሆነ ግን ፋይል በፋይል አይሆንም፤ ዲስኩን እንዳለ ከነባዶ ቦታው መቅዳት ነው። ለዚህ ዲዲሬስኪው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አቻ የለውም። ተራ ኮፒ መጥፎ ቦታ ሲያገኝ እዚያው ይታገላል፤ ዲስኩ የሚሞተው በዚያ ትግል ነው። ዲዲሬስኪው መጥፎውን ዘሎ መጀመሪያ ጤነኛውን ሁሉ ይሰበስባል፤ ያ በእጅ ከገባ በኋላ ነው ወደ አስቸጋሪዎቹ የሚመለሰው። የት እንደደረሰም በአንድ ትንሽ ካርታ ፋይል ይመዘግባል። ለኛ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ መብራት ሄዶ ቢቋረጥ፣ ተመልሶ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ካርታው ግን ጤነኛው ዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ከፍላሽ በተነሳ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ ከተቀመጠ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ትዕዛዙ ላይ ከየት ወደ የት እንደሚቀዳ ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። ከተገለባበጠ ባዶው ዲስክ በፋይሎችዎ ላይ ይገለበጣል። የሁለቱን መጠን ማየት ይበቃል፤ ለምሳሌ 500 ጊጋባይቱ ምንጭ፣ 1 ቴራባይቱ መድረሻ። ጤነኛ 500 ጊጋባይት በአሮጌው ዩኤስቢ 2 አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የታመመው ቀናት ሊፈጅ ይችላል። መሐል ላይ መንቋቋት ከጀመረ ያቁሙ። ቅጂው ካለቀ በኋላ አሮጌውን አይንኩት፤ የተበላሸ ማውጫ የሚጠግነው ቴስትዲስክም ይሁን ፎቶሬክ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው።

ሁለት እንቅፋት አስቀድሞ ቢታወቅ ጥሩ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ዊንዶውስ 11 ሲጀመር ዲስኩን ራሳቸው የሚቆልፉበት ጊዜ አለ፤ ቢትሎከር ይባላል። ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠየቃሉ። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፤ ያንን ኢሜይል ያስታውሱ። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ኤክስተርናሎች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የዌስተርን ዲጂታል ማይ ፓስፖርቶች፣ የዩኤስቢ መሰኪያቸው ከዲስኩ ሰሌዳ ጋር የተበየደ ነው፣ መረጃውም የተመሰጠረ ነው። ከቅርፊቱ አውጥቶ በሌላ ኬብል መሰካት አይቻልም።

ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የሚባለውን ይተዉት። ሲወጣ ሳህኑ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ጤዛ ላይ ሄድ አይንሳፈፍም። ሰሌዳውን ከተመሳሳይ ዲስክ ነቅሎ መግጠምም ለአዳዲሶቹ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ የዚያን ዲስክ ብቻ ልክ የያዘች ቺፕ አለች፤ እሷ አብራ ካልተዛወረች ዲስኩ አይነሳም። ክዳኑን መክፈትማ ፈጽሞ አይሞከርም። ዲስክ የሚከፈትበት አይኤስኦ 5 የተባለው ንጹሕ ክፍል በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ግማሽ ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ቅንጣቶች ከ3,520 አይበልጡም። በተራ ክፍል አየር ውስጥ ሚሊዮኖች ናቸው።

ወደ ባለሙያ መላክ

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመሳፈር በፊት ስልክ ይደውሉ፤ ጥያቄዎቹም ይህን ይመስላሉ። ዲስኩ መከፈት ካለበት የት ነው የምትከፍቱት? ጠረጴዛ ላይ የሚል ከሆነ ይሰናበቱ። ፒሲ-3000 አላችሁ? ይህ በዓለም ዙሪያ ፋይል አውጪዎች የሚጠቀሙበት መሣሪያ ነው፤ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ምናልባት ያለው እርስዎም ቤትዎ ሊያስሮጡት የሚችሉት ሶፍትዌር ብቻ ነው። ከመሥራታችሁ በፊት ዋጋ ታሳውቁኛላችሁ? ፋይሉ ካልወጣ እከፍላለሁ? የምርመራው ስንት ነው? ዲስኬን ባለበት ሁኔታ ትመልሱልኛላችሁ? «መቶ በመቶ አወጣለሁ» ብሎ በስልክ የሚምል ሰው ዲስኩን ገና አላየውም፤ እኔ አላምነውም።

የሚከፍሉትን ጣሪያም ከቤት ሳይወጡ ይወስኑ። እዚያ ሲደርሱ ተስፋና ድካም ተደምረው እጅ ያስፈታሉ።

ለመንገዱ ዲስኩን ከስታቲክ ኤሌክትሪክ በሚከላከለው ብርማ ከረጢቱ፣ ከሌለ በደረቅ ንጹሕ ወረቀት ይጠቅልሉት፤ ዙሪያውን ስፖንጅ ይሙሉና ጭነት ላይ ሳይሆን እቅፍዎ ላይ ይያዙት። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ያንገላታል፤ ግን የቆመ ዲስክ ከሚሽከረከረው ይልቅ ድንጋጤን እጅግ ይችላል። ሄዱ ከሳህኑ ላይ ተነስቶ መቆሚያው ላይ ነውና።

ዲስኩ ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሳህን ፈንታ በቺፕ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ፣ ከላይ ያለው ግማሹ ይለወጣል። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ድምፅ የለውም፤ ሲሞትም ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው። ፋይል ተሳስተው አጥፍተውበት ከሆነ ደግሞ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ትሪም የሚባለው አሠራር የጠፋውን ቦታ ወዲያው ያጸዳዋል። ያረጀ ኤስኤስዲን ለዓመት ያህል ያለ ኃይል መሳቢያ ውስጥ መተውም አይመከርም።

ከመሞቱ በፊት የሚናገረው

ዲስክ ስለራሱ ጤና የሚመዘግበው ስማርት የሚባል ነገር አለ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያሳየዋል፤ ሰማያዊ ጤና፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ አደጋ። ቁጥሮቹን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም፤ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 ከተባሉት አንዱ ከዜሮ ተነስቶ መቁጠር ከጀመረ በዚያው ቀን ባክአፕ ይውሰዱ። በ2007 እ.ኤ.አ. የጉግል መሐንዲሶች ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ የመጀመሪያው የንባብ ስሕተት የታየበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ካልታየበት 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ጥናት ከሞቱት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋናዎቹን ምልክቶች ጭራሽ አላሳዩም። ቢጫውን ማመን እንጂ ሰማያዊውን ተማምኖ መተኛት አይገባም።

«ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ የሚሸጥ ላፕቶፕ ሲገዙም ይህንኑ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ዲስኩ የሠራበትን ሰዓት ያሳያል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ 30,000 ካለ ሌት ተቀን ከሦስት ዓመት በላይ ሠርቷል ማለት ነው።

መብራትን በተመለከተ ሰው የሚፈራው መሄዱን ነው። ኃይል ሲቋረጥ ዲስኩ ከመሽከርከሩ በተረፈው ጉልበት ሄዱን ወደ መቆሚያው ይመልሳል፤ የሚጎዳው በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ የነበረው ፋይል ነው። ሰሌዳውን የሚያቃጥለው ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ የሚገባው ቮልት ነው። መብራት ሲሄድ ይንቀሉ፤ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። ስታቢላይዘር ቮልት ያስተካክላል እንጂ ጊዜ አይሰጥም፤ ለዴስክቶፕ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው የሚያስፈልገው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም በዚህ ረገድ እንደ ዴስክቶፕ ይቆጠር።

ከፍታም ድርሻ አለው። ሄዱን የሚያንሳፍፈው አየር ስለሆነ አምራቾች አብዛኛውን ዲስክ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው ዋስትና የሚሰጡት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ፣ ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ሥጋት የለም። ጮቄ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በተዳፋቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ላለ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ኤስኤስዲ ያለውን ይምረጥ።

አዲስ ሲገዙ

ለሥራ ኤስኤስዲ፣ ለማስቀመጫ ተራ ሃርድ ዲስክ ጥሩ ጥምረት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚገጠም 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ማሽኑን ያድሰዋል። 1 ቴራባይት ያሉት 931 ጊጋባይት ቢል ሐሰተኛ አይደለም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። በርካሽ የሚሸጥ «2 ቴራ» ፍላሽ ግን ብዙ ጊዜ መጠኑ የተቀባ ነው፤ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ፕሮግራም ሞልቶ ሳይፈትሹ ምንም አያስቀምጡበት።

ፎቶ አንሺዎች ዘንድ የታወቀ 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ዕቃ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። ኢንተርኔት ውድ በሆነበት ለሁሉም ፋይል አይቻልም፤ ለዚያ አጭር ዝርዝር ግን ይቻላል። ቴሌግራም አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት በነፃ ይቀበላል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በየሳምንቱ ወደ ሴቭድ መሴጅስ መላክ ሳንቲም ነው የሚያስወጣው። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል። ለትልልቅ ቪዲዮዎች ሁለተኛ ኤክስተርናል ገዝቶ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ እየሰኩ መክፈቱን ማረጋገጥም አይቅር።

የሞተውን ዲስክ ደግሞ እንዲሁ ለቆራሌው አይስጡት። አይነሳም ማለት አይነበብም ማለት አይደለም። የተማሪ፣ የታካሚ ወይም የደንበኛ መረጃ ያለበት ከሆነ ኃላፊነቱ የተቋሙ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ፋይሉ ከወጣ ወይም ተስፋው ከተቆረጠ በኋላ ብረት ሠራተኛ ዘንድ ይውሰዱና ሳህኖቹን አልፎ እስኪወጣ ድረስ ሦስት አራት ቦታ በመሰርሰሪያ ያስበሱት፤ ኤስኤስዲ ከሆነ ጥቁሮቹ ቺፖች አንድ በአንድ መሰበር አለባቸው።